ጄት ስኪና ዋናተኛ በአንድ ውኃ ላይ፦ የርቀትና የፍጥነት ሕግ እንዴት ይሠራል?

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ የሳምንቱን መጨረሻ ውኃ ዳር ለማሳለፍ የሚወጣ አዲስ አበቤ፣ ጊዜው አጭር ሲሆን ወደ ቢሾፍቱ፣ ረዘም ያለ ዕረፍት ሲያገኝ ደግሞ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ያቀናል። ብዙዎቻችን ዋና የለመድነው እንደ ግዮን ሆቴል ባለ የከተማ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳ ግድግዳ አለው፣ ጥልቀቱ ተጽፎበታል፣ ከዋናተኛ በቀር ሌላ የሚገባበት የለም። ሐይቅ ግን ለዋናተኛው፣ ለዓሣ አስጋሪው፣ ለሞተር ጀልባውና እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠው በውኃ ላይ ለሚነዱት ጄት ስኪ ሁሉ እኩል ክፍት የሆነ ሜዳ ነው። ገንዳ ውስጥ የለመደ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ዋናተኛ ስላልሆነ፣ ከዳር ብዙም አይርቅም፤ አደጋ ሲመጣበትም በፍጥነት ዞር ሊልለት አይችልም።

ባሕር ያላቸው አገሮች ጄት ስኪን ከዋናተኛ ለመለየት ላለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ብዙ ሞክረዋል። አንዳንዶቹ ሕጉን ያወጡት ሰው ከሞተ ወይም አካሉ ከጎደለ በኋላ ነው። በእኛ አገር የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች እየበዙና ሞተር ያላቸው የመዝናኛ መሣሪያዎችም አብረው እየመጡ ስለሆነ፣ እኛ ያንን መንገድ መድገም አይኖርብንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕጎቹ እንዴት እንደተዋቀሩ፣ ለምን እንደዚያ እንደተዋቀሩና በእኛ ሐይቆች ላይ ቢተገበሩ ምን እንደሚመስሉ በቀላል አማርኛ ማስረዳት ነው።

ማሽኑ ከጀልባ በምን ይለያል?

የተለመደው የሞተር ጀልባ የሚሄደው ከኋላው በሚሽከረከር ፕሮፔለር ሲሆን፣ የሚታጠፈውም ውኃ ውስጥ በገባ መሪ ወይም ሞተሩን ራሱን በማዞር ነው። ጄት ስኪ ከውጭ ፕሮፔለር የለውም። ሞተሩ በማሽኑ ሆድ በኩል ውኃ ስቦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኋላ ይተፋል፤ ከዚህ ግፊት የተነሣ ማሽኑ ወደ ፊት ይወነጨፋል። ነጂው መሪውን ሲያዞር የሚዞረው ከኋላ ያለው ውኃ መትፊያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ማሽኑ የሚታጠፈው ውኃ እየተፋ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

የአደጋዎቹ ዋና ምክንያት ከዚህ አሠራር ይመነጫል። በጣት የሚጫነውን ነዳጅ መስጫ በደንብ እንመልከተው። ጀማሪ ነጂ ከፊቱ ሰው ሲያይ ይደነግጣል፣ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ላይ እንደለመደውም ነዳጁን ይለቅና መሪውን ወደ አንድ ጎን ይጠመዝዛል። ነዳጁ ሲለቀቅ የሚተፋው ውኃ ይቆማል፤ መሪው ምንም ያህል ቢጠመዘዝ ማሽኑ በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ማሽኑ ሊታዘዝለት የሚችለው ነጂው ነዳጅ እየሰጠ ቢታጠፍ ነበር፤ ይህ ግን የደነገጠ ሰው ከሚያደርገው ተቃራኒ ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህን ለማሻሻል የሠሩት ሥራ አለ፤ ለምሳሌ ሲ-ዱ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2009 በእጅ የሚጨበጥ ፍሬንና ወደ ኋላ መመለሻ የተገጠመላቸው ሞዴሎችን አቅርቧል። ነገር ግን ያረጁ ማሽኖች ይህ የላቸውም፤ ለኪራይ የሚቀርበው ማሽን አዲሱ መሆኑንም ተከራዩ በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ክብደትና ፍጥነት ነው። ትልልቆቹ ጄት ስኪዎች ባዶአቸውን ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ ነዳጅና ሰው ሲጨመር ከዚያ በእጅጉ ይበልጣሉ። ጉልበት ያላቸው ሞዴሎች በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማሽን በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ እስኪወስን አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ገና ምንም ሳያደርግ 33 ሜትር አልፏል። የዋናተኛ ጭንቅላት ደግሞ ከውኃው በላይ የሚታየው በጣም ትንሽ ነው። ነፋስ ውኃውን ባነቃነቀው ቁጥር ከሞገዱ ጀርባ ይሰወራል፤ እንደ ላንጋኖ ባለ ቡናማ ውኃ ላይ፣ በተለይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ብርሃኑ ዓይን ሲወጋ፣ ጠቆር ያለ ጭንቅላትን ከውኃው ለይቶ ማየት ለልምድ ያለው ነጂም አስቸጋሪ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አሳይቷል። በሌሎች የመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ ሰው በዋነኛነት የሚሞተው በመስጠም ሲሆን፣ በጄት ስኪ አደጋ ግን ዋናው የሞት ምክንያት ግጭት የሚያደርሰው የአካል ጉዳት ነበር። ላይፍ ጃኬት ከመስጠም ያድናል፤ ግጭትን ግን አያስቀርም። ስለዚህ «ሁሉም ላይፍ ጃኬት ይልበስ» የሚለው መመሪያ አስፈላጊ ቢሆንም፣ የዋናተኛውን ችግር አይነካም። ከግጭት የሚያድነው ርቀት ነው።

ርቀትና ፍጥነት እንዴት ይለካሉ?

በውኃ ላይ ፍጥነት የሚለካው በኖት ሲሆን፣ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ቁጥር 5 ኖት ነው፤ ይኸውም በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ማለት ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ጄት ስኪ 60 ሜትር ለመጓዝ 23 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ግን ያንኑ ርቀት ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ ያው ማሽን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚሸከመው ጉልበት በ5 ኖት ከሚሸከመው ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ሞገዱም እንዲሁ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ማሽን ትንንሽ ልጆችን ከእግራቸው የሚያነሣ ሞገድ ወደ ዳር አይልክም።

ፈረንሳይ ከባሕር ዳርቻ እስከ 300 ሜትር ድረስ ያለውን ቀበቶ በ5 ኖት ፍጥነት ወስናዋለች። ርቀቱን በዓይነ ሕሊናው ለመሳል የሚፈልግ የአዲስ አበባ ስታዲየምን ያስብ፤ የአንድ መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት 105 ሜትር ስለሆነ፣ 300 ሜትር ማለት ሦስት ሜዳዎች ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ ከሚሸፍኑት ትንሽ የሚያንስ ርቀት ነው። ስፔን በመዋኛ ዳርቻዎች 200 ሜትር፣ በሌላው የባሕር ጠረፍ 50 ሜትር ትከልላለች። ኒው ዚላንድ ከዳርቻው 200 ሜትር ውስጥ ከ5 ኖት በላይ መሄድን ስትከለክል፣ ከዚያ በተጨማሪ በየትኛውም ስፍራ ውኃ ውስጥ ካለ ሰው በ50 ሜትር ርቀት ውስጥ ይኸው የፍጥነት ገደብ እንዲጠበቅ ታዛለች። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ደግሞ በፍጥነት የሚሄድ ጄት ስኪ ውኃ ውስጥ ካሉ ሰዎች ቢያንስ 60 ሜትር መራቅ አለበት።

እነዚህን ሕጎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ሁለት ዓይነት አለካክ እንዳለ ያስተውላል። አንደኛው ከዳርቻው ይለካል፣ ሁለተኛው ከሰውየው ይለካል። ከዳርቻው የሚለካው ለማስፈጸም ቀላል ነው፤ ተንሳፋፊ ምልክት ማሰር ይቻላል፣ ጥበቃው ዳር ቆሞ ማን እንደጣሰው ያያል። ይሁን እንጂ ምልክቱን አልፎ የሚዋኝ ሰው አለ፤ ዳሩ ዝቅ ብሎ የሚሄድ በሆነ ሐይቅ ላይም ሰዎች ውኃው ደረታቸው ላይ እስኪደርስ ድረስ በእግራቸው ርቀው ይገባሉ። ከሰውየው የሚለካው ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ግን ነጂው ሰውየውን ማየት መቻሉን መነሻ ያደርጋል፣ ይህ ደግሞ ቀደም ሲል እንዳየነው ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም። ኒው ዚላንድ ሁለቱንም አጣምራ መያዟ ትክክል ይመስለኛል። የእኛ ሐይቆች የውኃ መጠን ከወቅት ወቅትና ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ደግሞ፣ ዳርቻው ራሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይላል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት የታሰረው ምልክት ዘንድሮም በትክክለኛው ቦታ መሆኑን በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል።

ጄት ስኪው ከዳር ተነሥቶ ወደ ጥልቁ መውጣት ስላለበት፣ ሕጎቹ መተላለፊያም ይከፍታሉ። ይህ መተላለፊያ ከዳርቻው ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚወጣ፣ በሁለቱም ጎን በቢጫ ተንሳፋፊ ምልክቶች የታጠረ ጠባብ መንገድ ነው። ቀጥ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማሽኑ በዋናተኞች አካባቢ የሚቆይበትን ርቀት አጭር ያደርገዋል። በፈረንሳይ ከጥልቁ ወደ ዳር ለሚመጣ ሰው በግራ በኩል ያሉት ምልክቶች ሲሊንደር፣ በቀኝ ያሉት ሾጣጣ ቅርጽ አላቸው። ዋናተኛ ወደ መተላለፊያው አይገባም፤ ማሽን ከመተላለፊያው አይወጣም። በእኔ እምነት ከሁሉም ደንቦች ርካሹና ብዙ ነፍስ የሚያድነው ይህ ነው፤ ገመድ፣ መልሕቅና ቢጫ ፕላስቲክ ብቻ ይበቃዋል።

ሕግ እያለ ማሽኑ ከሕጉ ውጭ ሲሆን

የብሪታንያ ታሪክ ሕግ አርቃቂዎች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ በዌይማውዝ አንድ ነጂ ጄት ስኪውን በፍጥነት ሲነዳ ከሌላ ጄት ስኪ ጋር ተጋጭቶ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። የተከሰሰው በንግድ መርከቦች ሕግ ነበር፤ የታችኛው ፍርድ ቤትም የእስራት ቅጣት ወሰነበት። ጉዳዩ ይግባኝ ተብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ሲታይ ግን፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን ሻረው። ምክንያቱ ድርጊቱ አደገኛ አልነበረም የሚል አልነበረም። ሕጉ የሚናገረው ለባሕር ጉዞ ስለሚውል መርከብ ነበር፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለመድረስ ሳይሆን ለደስታ ብቻ በአንድ አካባቢ የሚሽከረከር ማሽን በዚያ ትርጓሜ ውስጥ አይወድቅም ተባለ።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሰባት ዓመታት ያህል፣ በዚያች አገር ጄት ስኪን በአደገኛ ሁኔታ የነዳ ሰው ትልቁን መርከብ በሚገዛው ብሔራዊ ሕግ ሊጠየቅ አልቻለም። የየአካባቢው ምክር ቤቶች በየዳርቻቸው የፍጥነት ደንብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ቅጣቱ ትንሽ፣ ወሰኑም የራሳቸው ዳርቻ ብቻ ነበር። ክፍተቱ የተዘጋው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 31 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ጄት ስኪንና መሰል ማሽኖችን በግልጽ በስማቸው ወደ ሕጉ አስገብቶ፣ በአደገኛ ሁኔታ ለሚነዳ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ወሰን የሌለው የገንዘብ መቀጮ አስከተለ። አንድ ደንብ «ጀልባ» ብሎ ጽፎ ጄት ስኪን ያካተተ ከመሰለው፣ ጠበቃ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ሕግ ዓይን

ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ሐይቁን የሚቆጣጠረው ማን ነው የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆች የውኃ አጠቃቀም የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በፌዴራል ሕግ ማዕቀፍ ውስጥ መሬትንና ሌሎች የተፈጥሮ ሀብቶችን ያስተዳድራሉ። ላንጋኖና የቢሾፍቱ ሐይቆች በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ጣና በአማራ ክልል ውስጥ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ከሲዳማም ከኦሮሚያም ጋር ይዋሰናል። በአንዱ ዳር የተከለከለ ፍጥነት በሌላው ዳር የሚፈቀድ ከሆነ ደንቡ በውኃው መሐል ላይ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ በሐዋሳ ጉዳይ የሁለቱ ክልሎች ስምምነት ወይም የፌዴራሉ ደንብ የግድ ይሆናል።

አደጋ ቢደርስስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጎጂውን ባዶ እጁን አያሰናብተውም። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። አንቀጽ 2081 ከዚህ አልፎ፣ የአንድ ማሽን ወይም የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ማሽኑን ሲያንቀሳቅስ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ለሐይቅ ዳር ኪራይ በጣም ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጄት ስኪውን ለአንድ ሰዓት አከራይቶ ዳር የሚጠብቅ ባለቤት «የነዳው ተከራዩ ነው» ብሎ ለማምለጥ ይቸግረዋል። ኃላፊነቱ ሊቀንስለት የሚችለው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከተጎጂው ጥፋት የመጣ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። የመዋኛ ክልሉ በተንሳፋፊ ምልክት ከታጠረ ይህ ጥያቄ በቀላሉ ይመለሳል፤ ግጭቱ የደረሰው ከምልክቱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ምልክት በሌለበት ግን ዳኛው ምስክሮች በዓይን ገምተው በሚናገሩት ርቀት ላይ ሊንጠለጠል ነው። ስለዚህ ምልክቱ ዋናተኛውን ብቻ ሳይሆን በሥርዓት የሚሠራውን ባለ ንብረትም ይጠብቃል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በደረጃ ከፍሎ ይቀጣል። ተራው ቸልተኝነት በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ እንደ ሹፌርና ሐኪም ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲያጠፋ ቅጣቱ ከፍ ይላል። ከሁሉ የከበደው፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስከትለው ደረጃ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብና መመሪያን ሆን ብሎ ሲጥስ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት ወደ ማይሰማው ሁኔታ ሲያስገባ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ የፍጥነት ወሰን ጥሶ ሰው የገደለ ሹፌር የጣሰው ደንብ በጽሑፍ አለ። በሐይቅ ላይ በዋናተኞች መሐል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው፣ ለዚያ ዳርቻ የተጻፈ የፍጥነትና የርቀት ደንብ ከሌለ፣ ጣሰ የሚባለው ግልጽ ደንብ የትኛው ነው? ዐቃቤ ሕግ ያለው አማራጭ ተራውን ቸልተኝነት ማስረዳት ሊሆን ይችላል። ለዕረፍት የመጣና ለአንድ ሰዓት የተከራየ ሰውም የሙያ ግዴታ አለበት ለማለት ያከራክራል። አንድ ገጽ የማይሞላ የወረዳ ወይም የከተማ መመሪያ፣ ማሽኑን በስሙ ጠርቶ ርቀቱንና ፍጥነቱን በቁጥር ቢያስቀምጥ፣ ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ደንቡ ከአደጋው በፊት መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው፤ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም።

መድንም አለ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ዋስትና አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተሠራው በመንገድ ላይ ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ነው። ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ድረስ ያደረሰን ሚኒባስ ይህ ሽፋን ሳይኖረው መንቀሳቀስ አይችልም፤ እዚያ ደርሰን የምንከራየው ማሽን ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ባለቤቱ በፈቃዱ መድን ካልገባ፣ ካሣው በባለቤቱ ኪስ መጠን ይወሰናል። የኪራይ ፈቃድ ሲሰጥ የሦስተኛ ወገን ሽፋን እንደ ቅድመ ሁኔታ ቢጠየቅ ይህ ክፍተት ይዘጋል።

ትንሽ ሐይቅ፣ ትልቅ ሐይቅ

የሌላውን አገር ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ስፋቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ሐይቅ ብንወስድ፣ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 564 ሜትር ገደማ ነው። የፈረንሳይን 300 ሜትር ቀበቶ ዙሪያውን ብንዘረጋበት ለፍጥነት የሚተርፈው መሐል ከጠቅላላው ስፋት ከሩብ ያነሰ ነው፤ 200 ሜትር ብናደርገው እንኳ ግማሽ አይሞላም። እንደ ባቦጋያ ያሉት የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በዚህ መጠን ዙሪያ ወይም ከዚህ ያነሱ ናቸው። በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን ከየትኛውም ዳር የራቀ ሊሆን አይችልም።

በዚያ ላይ እነዚህ ሐይቆች ውኃቸው ወጥቶ የሚሄድበት ወንዝ የላቸውም። አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚቀዳለት ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ወደ ውኃው ይለቃል፤ የተለቀቀው ነዳጅና ዘይት ወደየትም አይፈስም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መካከል ባለው የታሆ ሐይቅ ላይ ካርቡረተር ያላቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተከለከሉት በዚህ ዓይነት ሥጋት ነው። ታሆ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በብዙ መቶ እጥፍ ይሰፋል። ሆራ አርሰዲ ደግሞ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት፣ ሕዝብ ለምስጋና ወደ ዳሩ የሚወርድበት ሐይቅ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሳስባቸው፣ በቢሾፍቱ ትንንሽ ሐይቆች ላይ ጄት ስኪን በቀበቶ ለመቆጣጠር ከመሞከር ፈጽሞ አለመፍቀድ የሚሻል ይመስለኛል። ታንኳና መቅዘፊያ ለእነዚህ ውኃዎች በቂ ናቸው።

ሙሉ ክልከላ እንግዳ ነገርም አይደለም። የሲድኒ ወደብ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጄት ስኪ ዝግ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሳን ሁዋን አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ክልከላ በፍርድ ቤት ተከራክሮበት፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ አጽንቶታል።

ላንጋኖ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሁኔታው ሌላ ነው። በዚያ ላይ 300 ሜትር ቀበቶ ቢከበርም ለማሽኑ የሚተርፈው ውኃ ሰፊ ነው፤ በማሽኖቹ የሚተዳደሩ የአካባቢው ወጣቶችም ሥራቸውን አያጡም። ጣና ከሁሉ ሰፊ ቢሆንም የራሱ ጉዳይ አለው። በደንገል የተሠራች ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አትልም፣ በጎን የሚመታትን ሞገድም አትችልም። ስለዚህ እዚያ ከዋናተኛው እኩል ታንኳው በደንቡ በስም ሊጠቀስና ከማሽኑ የሚርቅበት ሜትር ሊቀመጥለት ይገባል።

ነጂው ማነው?

የራሱ ማሽን ያለው ሰው ከጊዜ ብዛት ይለምዳል። አደገኛው ተከራዩ ነው፤ ማሽኑን ከዚያ ቀን በፊት ነክቶት አያውቅም፣ ጊዜው በገንዘብ ስለሚቆጠር ደግሞ እያንዳንዱን ደቂቃ በፍጥነት ማሳለፍ ይፈልጋል። በፍሎሪዳ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጄት ስኪ መንዳት አይችልም፤ ለመከራየት ደግሞ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ድረስ መንዳት ክልክል ነው። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው፣ አንድ ጫፉ በእጅ አንጓ ወይም በላይፍ ጃኬት ላይ የሚታሰረው ገመድም ሳይታሰር መነሣት አይፈቀድም። ይህ ገመድ ካልታሰረ ነጂው የወደቀበት ማሽን ለዋናተኞቹም ለራሱ ለነጂውም አደጋ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ወላጅ፣ ክፍል ከመያዙ በፊት ስልክ ደውሎ ሊጠይቃቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ከዚህ ሁሉ ይወጣሉ። የመዋኛ ክልሉ በምልክት ታጥሯል ወይ? ማሽኖቹ የሚወጡትና የሚገቡት በየት በኩል ነው? ዳር ቆሞ የሚከታተል፣ ፊሽካ የያዘ ሰው አለ ወይ? ለተከራይ ነዳጁን ሲለቅ ማሽኑ እንደማይታጠፍ ተነግሮት፣ ጥልቁ ላይ አንድ ጊዜ ተለማምዶ ነው ወይ የሚለቀቀው? መጠጥ ለጠጣ ሰው ይከራያል ወይ? በየማሽኑ ጎን ከሩቅ የሚነበብ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ቁጥር ከሌለ ግን የጣሰውን ማሽን ለይቶ መክሰስ አይቻልም። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በየስልኩ ሲደጋገሙባቸው፣ የመዝናኛው ባለቤቶች መልሱን ለማስተካከል መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርባቸውም።

ለወረዳና ለከተማ አስተዳደሮች ደግሞ ለመጀመር አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያሻቸውም። በሐይቅ ዳር ለሚከፈት መዝናኛ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው አካል፣ በምልክት የታጠረ የመዋኛ ክልልን፣ ቀጥ ያለ መተላለፊያንና የሦስተኛ ወገን መድንን የዕድሳት መስፈርት ማድረግ ይችላል። የምልክቶቹን ወጪ ከኪራዩ የሚያገኘው ባለቤት ይሸፍን፤ ቦታቸው ግን በባለቤቱ ግምት ሳይሆን በመለኪያ ገመድና በአስተዳደሩ ባለሙያ ፊት ይወሰን። ርቀቱና ፍጥነቱ የተጻፈበት ሰሌዳም በአካባቢው የሥራ ቋንቋና በአማርኛ፣ ማሽኑ በሚነሣበት ቦታና ዋናተኛው ወደ ውኃው በሚገባበት ቦታ፣ በሁለቱም በኩል ይተከል።